ጥንስሱን የገደለው የብር ውሃ

ከዓመት በላይ ሚኒባስ በተሳፈርሁ ቁጥር ከረዳት ጋር የምጨቃጨቀው በአንድ ነገር ነበር፤ የበሩን ወንበር ስጡኝ። ሽበቴን አይተው ለመውረድ እንዲመቸኝ ይመስላቸዋል። እውነቱ ግን ሆዴ ድንገት ሲነሣብኝ የማንንም ጉልበት ሳልረግጥ እንድወርድ ነው። በኋላማ የበሩ ወንበርም አላዳነኝም፤ መሳፈሩን ጨርሶ ተውሁት። ገመዷ እስከሚደርስበት ብቻ እንደምትዞር ጥጃ፣ ከመጸዳጃ ቤት ደጅ የማልርቅ ሴት ሆንሁ።

ይህን የምጽፈው እንዲታዘንልኝ አይደለም። ማዘን የነበረባቸው ሰዎች በጊዜው አላዘኑም፤ አሁን ቢያዝኑ ምን ይረባኛል። የምጽፈው እንደኔ ጠርሙስ ተቀብለው በባዶ ሆዳቸው የሚጨልጡ ሰዎች በየቤቱ ስላሉ ነው። አንዷ ከግድግዳዬ ማዶ ትኖራለች። ስለሷ እዚህ የምለውን ሁሉ አስቀድሜ በፊቷ ብያለሁ።

የምኖረው ፍኖተ ሰላም ነው። ዕድሜዬን ሙሉ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳይንስ አስተምሬ ጡረታ ወጣሁ። ባሌ ካረፈ ወዲህ ግቢውን ከእህቱ ከሙሉነሽ ጋር እጋራለሁ። እሷ በአስፋልቱ በኩል ያሉትን ክፍሎች ይዛ ሱቅ ከፈተች፤ ለኔ የጓዳ ክፍሎቹ ደረሱኝ። የቤቱን ነገር ሽማግሌዎች ጨርሰውታል። እኔ አልጨረስሁትም፤ ግን እሱን እዚህ አላነሣውም። ለዚህ ጽሑፍ የሚያስፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መጸዳጃ ቤቱ በሷ በኩል ነው። ወደዚያ ለመሄድ በሱቋ የጓሮ በር ፊት ማለፍ ግድ ነው።

ነገሩ የጀመረው በጨጓራ ነው። ደረቴን ያቃጥለኛል፣ በርበሬ ያለበት ወጥ አይስማማኝም። በዚያው ሰሞን ሙሉነሽ አንድ የሆቴል አዳራሽ ውስጥ ሥልጠና ወስጄ መጣሁ አለች። ሱፍ የለበሰ ሰው ከባሕር ዳር መጥቶ አሠልጥኗቸዋል። ስትመለስ በካርቶን ትንንሽ ሰማያዊ ጠርሙሶች ይዛ ነበር።

«እታለም፣ ይህችን ቅመሻት» አለችኝ። እታለም የምትለኝ የምትፈልገው ነገር ሲኖር ነው።

«ምንድን ናት?»

«የብር ውሃ። ናኖ ይሉታል። ብሩን አድቅቀው አድቅቀው፣ ዓይን እንዳያየው አድርገው ውሃ ውስጥ የጨመሩት ነው። ከሰውነት የማይገባበት የለም። ጀርም የሚባል ዘሩን አያስቀርም!»

«ብር ይጠጣል እንዴ?»

«ድሮ ነገሥታቱ በብር ዋንጫ የሚጠጡት ለምን ይመስልሻል? ይልቅ ለአንቺ በነጻ ነው። የወንድሜ ሚስት አይደለሽ?»

ከዚያ በፊት ሙሉነሽ በነጻ የሰጠችኝ አንድም ነገር አልነበረም። እዚያ ላይ መንቃት ነበረብኝ። ግን ስንቱን ዓመት ጥቁር ሰሌዳ ላይ የጀርም ሥዕል እየሣልሁ «እጃችሁን ታጠቡ» ስል የኖርሁ ሰው ነኝና፣ «ዘሩን አያስቀርም» ሲባል ጆሮዬ ወደደው። ጠዋት በባዶ ሆዴ፣ ማታ ደግሞ ከመተኛቴ በፊት እጠጣው ጀመር።

መጀመሪያ ላይ ማቃጠሉ ቀለል አለልኝ። እውነቱን መናገር አለብኝ። በብሩ ይሁን በርበሬውን በመተዌ ዛሬም አላውቅም። ሙሉነሽ ግን ታውቅ ነበር። ደንበኛ በመጣ ቁጥር «እታለም! እስኪ ብቅ በይ!» ትለኛለች። ብቅ እላለሁ። «ይኸው የወንድሜ ሚስት፤ መምህርት ናት፤ እሷን ጠይቋት» ትላለች። በነጻ የተሰጠኝ ለዚህ ነበር። የሱቁ ማስታወቂያ ሆኜ ነበር የተቀጠርሁት፤ ያለ ደመወዝ።

ከዚያ ሆዴ ለቀቀ።

በመጀመሪያ የበላሁት ነገር ይሆናል ብዬ ዝም አልሁ። አልቆመም። የበላሁት ሁሉ እንዳለ ይወጣል። ሆዴ ይነፋል፣ ይጮኻል፣ ከዚያ መሮጥ ነው። ለሙሉነሽ ስነግራት ዓይኗ በራ።

«እሰይ! ጀመረሽ ማለት ነው» አለች።

«ምኑ?»

«ማጠቡ ነዋ! ኮሶ ረሳሽው? እናቶቻችን ኮሶ ጠጥተው ሲያስቀምጣቸው ተሻለን ነበር የሚሉት። የተቀመጠብሽን ክፉ ነገር ሁሉ እየጠረገልሽ ነው። አሁን ካቋረጥሽው ግማሹ ውስጥ ይቀራል። ይልቅ ጨምሪበት።»

አገራችንን የሚያውቅ ሰው ይህ ነገር ለምን እንዳሳመነኝ ይገባዋል። እኛ የተቅማጥ ልጆች ነን። ኮሶ የሚጠጣበት ቀን በጎረቤት ሁሉ ይታወቅ ነበር፤ የጠጣው ሰው በር ዘግቶ ይውላል፤ ማታ ፊቱ ገርጥቶ ሲወጣ «እንኳን ወጣልህ» ይባላል። የሚያስቀምጥ ነገር ሁሉ የሚያጠራ ይመስለናል። እኔም ጨመርሁበት።

ባሰብኝ።

በሱቁ በር ፊት ማለፍ የየቀኑ ሥራዬ ሆነ። ሙሉነሽ ደንበኞቿን አስቀምጣ እያወራች እኔ ነጠላዬን ተከናንቤ እሮጣለሁ። «እየጠራላት ነው እኮ» ስትል እሰማለሁ። አንዴ ከጅጋ ገበያ እህል አራግፎ የሚመለስ አንድ ገበሬ ጠርሙሱን በእጁ እያገላበጠ፣ «ይኸ ነገር ሰውን ሁሉ እንዲህ የሚያሯሩጥ ከሆነ እኔ ከዚህ እስከ አገሬ መጸዳጃ የለኝም፤ ማሳው ይበቃኛል» አለ። ሱቁ በሳቅ ሞላ። ከመጸዳጃው ስመለስም ሳቁን አልጨረሱም ነበር። «አይዞዎት እትዬ፣ ይውጣልዎት!» አለኝ ያው ሰው። ክፉ ሰው አልነበረም። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ገበያተኛው እስኪበተን ከክፍሌ ላለመውጣት እህል መቅመስ ተውሁ።

ክሊኒክ የሄድሁት ሙሉነሽ እየደገፈችኝ ነው። የክሊኒኩን ስም አልጠራም። አግዳሚው ላይ ቁጭ ብዬ ስጠብቅ ዓይኔ የጓሮ በሩን ይፈልጋል። መጸዳጃ ቤቱ ተቆልፏል፤ ቁልፉ ከጽዳት ሠራተኛዋ ጋር ነው፤ ሠራተኛዋ ደግሞ ምሳ ወጥታለች። ተራዬ ቢደርስ ወደ ሐኪሙ ልግባ ወይስ ልሩጥ? እንዲህ ያለ ጭንቀት ያልደረሰበት ሰው ይስቅ ይሆናል። አጠገቤ የተቀመጠች የማላውቃት ወጣት ገጼን አይታ ተነሣችና የሚቀጥለውን ግቢ በር አንኳኩታ፣ «እናቴ ታማለችና አንዴ አስገቧት» ብላ ለመነችልኝ። እናቴ አለችኝ። ስሟን እንኳ አልጠየቅሁም።

ውስጥ ያለው ሐኪም ቀና ብሎ ሳያየኝ ጠየቀኝ።

«ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?»

«የለም» አለች ሙሉነሽ ከአጠገቤ።

እኔም የለም አልሁ። ውሃ ነው የምጠጣው፤ ውሃ መድኃኒት ነው?

አሜባና ታይፎይድ ተባልሁ። ኪኒን ዋጥሁ፤ ትንሽ ጋብ ብሎ ተመለሰ። ሌላ ክሊኒክ ስሄድ ጠንከር ያለ ታዘዘልኝ፤ እሱን ስጨርስ ጭራሽ መነሣት አቃተኝ። የጋብቻ ቀለበቴ ከጣቴ እየወለቀ እንጀራ ላይ ሲወድቅ ያየሁት በዚያ ጊዜ ነው፤ ከዚያ በኋላ በክር አንገቴ ላይ አሰርሁት። ሊጠይቁኝ የሚመጡት በር ላይ ቆመው ከሙሉነሽ ጋር ይንሾካሾኩ ነበር። «ያ ነገር ይሆን?» ይላሉ። የካንሰርን ስም ማንም አልጠራውም። ከቀትር በኋላ ቤቱ ጸጥ ሲል ጣራውን እያየሁ የማስበው ሞትን አልነበረም። ስሞት አንሶላዬን ማን እንደሚያጥበው ነበር፤ ሙሉነሽ መሆኗን ሳስብ ለመሞት አልፈለግሁም። ሰው በምን እንደሚተርፍ አይታወቅም፤ እኔን አንዱ ያቆመኝ ይህ ነው።

በዚህ መሀል የልጄ የትዕግሥት ልጅ ክርስትና ደረሰ። ትዕግሥት አንድ ልጄ ናት፤ ቡሬ ነው ያገባችው። ልጁ የመጀመሪያ የልጅ ልጄ ነው፤ ገና አላየሁትም ነበር። መንገዱ አንድ ሰሞን ይከፈታል፣ አንድ ሰሞን ይዘጋል፤ ያን ቀን ክፍት ነበር። ነጭ ቀሚሴን ለበስሁ፣ ከማታው ጀምሮ ምንም አልቀመስሁም፣ የበሩን ወንበር ያዝሁ። ቡሬ ቅርብ ናት።

መንገድ ላይ፣ ማንኩሳ ስንደርስ አቃተኝ። «ወራጅ!» ብዬ ጮኽሁ። መኪናው ቆሞ እስክወርድ ድረስ የሆነው ሆኗል። ሾፌሩ ትንሽ ጠበቀ፤ ተሳፋሪው አጉረመረመ፤ ሄዱ። ነጭ ቀሚሴን በነጠላ ሸፍኜ መንገድ ዳር ቆምሁ። አንዲት ሴት ከአጥሯ ውስጥ ሆና አየችኝ። ምንም አልጠየቀችኝም። እጄን ይዛ ወደ ጓሮዋ አስገባችኝ፣ ውሃ አሞቀችልኝ፣ የራሷን ቀሚስ ሰጠችኝ፣ የኔን አጥባ አሰጣችው።

«ወዴት ነበር?» አለችኝ በመጨረሻ።

«ክርስትና።»

«የማን?»

«የልጅ ልጄ።»

ያኔ ብቻ ዓይኗ እንባ አቀረረ። እኔ አላለቀስሁም። ቀሚሱ ሲደርቅ ወደ ቡሬ ሳይሆን ወደ ኋላ ተመለስሁ። ሙሉነሽ ስገባ አይታኝ፣ «ልጁን ባትነኪው ይሻላል፤ የሚተላለፍ ከሆነስ?» አለችኝ። አልተሳሳተችም ይሆናል ብዬ ፈራሁ። የዚያን ቀን ያለችኝን ግን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

አሁን ወደ ጠላው ልምጣ።

የማርያም ማኅበር አለን፤ ወር በመጣ በተራ እንደግሳለን። የኔ ተራ ሲደርስ ለሌላ አስተላልፊ ቢሉኝ እምቢ አልሁ። ሌላው ሁሉ ቀርቶብኛል፤ ይህ አይቀርም አልሁ። ጋኑን በወይራ አጠንሁ፣ ጌሾውን በብቅልና በውሃ ጠነሰስሁ፣ ተኛሁ። ጥንስስ በሰላም ከተጠነሰሰ በቀናት ውስጥ ይነሣል፤ ጆሮን ጋኑ ላይ ሲያስጠጉት ሽው ይላል፣ ፊቱ አረፋ ይይዛል። ያንን ድምፅ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ተነሥቼ ጆሮዬን ሳስጠጋ ዝም ብሏል። አንድ ቀን ታገሥሁት። ዝም። ቂጣውን ጨምሬ ደፈደፍሁት፤ ዝም። ለማኅበሩ ቀን የቀረበው ጠላ ሳይሆን ጌሾ የተነከረበት ውሃ ነበር።

ሴቶቹ ዋንጫውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው መለሱት። ያን ጊዜ ሙሉነሽ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ግን ሁሉም በሚሰማው፣ «ምን ታድርግ፤ እጇም አብሮ ታሟል» አለች።

እጇ ታሟል! ስንት ዓመት የጠመቅሁበት እጅ! ሰው ሁሉ ሲሄድ ጋኑን ላጥብ ስጎትተው ከጀርባው ባዶ ሰማያዊ ጠርሙሶች አገኘሁ። ተሸክሜ ሱቋ ገባሁ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ምነው? የቧንቧው ውሃ ደፍርሶ ነበር። ላጠራልሽ ብዬ ነው፤ አንቺ ተኝተሽ ነበር።»

«ጋኔን ማን ንኪ አለሽ?»

«በነጻ ጨመርሁበት እንጂ ዋጋ ጠየቅሁሽ?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ አላናገርኋትም። እንድታዋርደኝ ሆን ብላ ያደረገችው ነበር የመሰለኝ። ጓዳዬ የቀረውን ጠርሙስ ግን መጠጣቴን አልተውሁም። ይህን ስጽፍ ራሴን ሊገርመኝ ይገባል። ጠላዬን ያበላሸው ነገርና ጠዋት ጠዋት የምጠጣው ነገር አንድ መሆኑን እያወቅሁ ሁለቱን አላገናኘኋቸውም። በቂም የተያዘ ሰው ቂሙን ብቻ ነው የሚያየው።

ማኅበሩ ካለፈ በኋላ ትዕግሥት ልጇን አዝላ መጣች። ሳታየኝ ሰነባብታ ነበርና በሩ ላይ ቆማ ቀረች። «እማ» ብቻ አለች። በማግስቱ ባሕር ዳር እንሂድ አለችኝ። እንዴት ብዬ? ከቦርሳዋ አንድ ነገር አወጣች። እዚህ ለመጻፍ አመንትቻለሁ፤ ግን እንደኔ የታሰረ ሰው ካለ ይወቀው ብዬ እጽፈዋለሁ። ለአዋቂ የሚሆን ዳይፐር ነው። ፋርማሲ ይገኛል። ለብሼ፣ የዱርቤቴን ከተማ አልፌ ባሕር ዳር ገባሁ፤ ሞት አይደለም።

ሐኪሟ ወጣት ናት፤ የልጄ እኩያ። መጠበቂያው ክፍል ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ ነበርና ለኔ ጊዜ የሚኖራት አልመሰለኝም። ወረቀቶቼን አገላበጠች።

«ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?»

«የለም።»

«የባህል መድኃኒት? ቫይታሚን? ጠብታ?»

«የለም አልሁሽ እኮ፣ ልጄ።»

«እሺ። እንግዲያው ሕመሙ ከጀመረዎት ወዲህ ቤት ውስጥ የሆነውን ሁሉ ይንገሩኝ።»

ይህን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ከጠየቀችኝማ ብዬ ጀመርሁ። ስለ ሙሉነሽ ጀመርሁ። ስለ ግቢው፣ ስለ ሱቁ በር፣ ስለ ገበሬው ሳቅ፣ ስለ ክርስትናው፣ ስለ ጠላው። ትዕግሥት ክርኔን ትነካኛለች፤ «እማ፣ ሐኪሟ ሥራ አለባት እኮ።» አልቆምሁም። «እጇ ታሟል አለችኝ! ራሷ ገድላው!» ስል ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«ቆይ፣ ቆይ እናቴ። ጠላው ለምን አልፈላም አሉኝ?»

«ከጠርሙሷ ጨመረችበታ!»

«የምን ጠርሙስ?»

«የብር ውሃዋን ነዋ። ናኖ የሚሉትን። እኔ የምጠጣውን።»

ሐኪሟን ሳቋ አመለጣት፤ አፏን በእጇ ያዘች። «ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች። «ስንት ሐኪም ያጣውን ጠላዎት ነገረን።»

ያስረዳችኝን በራሴ አባባል እጽፈዋለሁ። ሆዳችን ውስጥ ከልጅነታችን ጀምሮ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች አሉ፤ ተቆጥረው አያልቁም። ምግቡን ያብላላሉ፣ ለክፉዎቹ ቦታ አይለቁም። ሁሉም ጀርም ጠላት አይደለም። ናኖ የሚባለው ደግሞ ከአንዲት ፀጉር ውፍረት በሺህ እጅ የሚያንስ ቅንጣት ነው። ብር እንደዚያ ሲደቅ ተሕዋስያንን የመግደል ኃይል አለው፤ ለተቃጠለ ቆዳ በሚደረግ ፋሻ ላይ ሐኪሞችም ይጠቀሙበታል። ግን ክፉና ደጉን አይለይም።

«የጋኑን ጥንስስ የገደለ፣ የሆድዎትን ጥንስስ ምን ብሎ ይምረዋል?» አለችኝ። «በዚያ ላይ የማያስፈልግዎትን ጠንካራ ኪኒን ደራርበው ሰጡዎት። የተረፈውን እሱ ጨረሰው።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«አይደለሁም» አለች። ይህን ስትል ነው ያመንኋት። «ጠርሙሱ ውስጥ ምን ያህል ምን እንዳለ የምንለካበት መሣሪያ የለንም። በሰው ሆድ ውስጥ የሚያደርገውን ነገር ተመራማሪዎቹም ገና እየተከራከሩበት ነው። ሌላ በሽታ አለመኖሩን በምርመራ አያለሁ። እርስዎ ግን ዛሬውኑ ያቁሙት።» ልንወጣ ስንል ጠራችኝ። «በቤቱ ሌላ የሚጠጣው ሰው አለ?»

«አለች፤ ሙሉነሽ ራሷ።»

«ጥፍሯን አይተውታል? ብሩ ሰውነት ውስጥ ሲከማች ቆዳንና ጥፍርን አመድማ ሰማያዊ ያደርጋል። ከያዘ አይለቅም። ይንገሯት።»

ምርመራው ሌላ ነገር አላሳየም። መዳኑ ግን ቀስ እያለ ነው የመጣው፤ ነገ እድናለሁ ብላችሁ አትጠብቁ። የሩዝ ውሃ፣ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር የሚባለውን ዱቄት በውሃ፣ ቀጥሎ ጥቂት ጥቂት እርጎ። እርጎው በዐቢይ ጾም ላይ ወደቀ። የነፍስ አባቴን ስጠይቃቸው፣ «የታመመ አይጾምም፤ አንቺ ደግሞ ከዓመት በላይ ጾመሻል» አሉኝ። ሙሉነሽ ግን በመስኮት አይታኝ ኖሮ መምህርቷ በሁዳዴ ወተት ትልሳለች የሚል ወሬ ከማኅበሩ ደረሰ። ያንንም አልረሳሁም።

አንድ ከሰዓት በኋላ ጋደም ብዬ ሆዴ ሲያጉረመርም ሰማሁ። የበፊቱ ጩኸት አይደለም። ሽው የሚል፣ ሥራውን የያዘ ድምፅ ነው። እጄን ጭኜበት ቆየሁ።

የሐኪሟን መልእክት ለሙሉነሽ ነግሬያት ነበር፤ በኩርፊያ፣ በር ላይ ቆሜ። «ቀንተሽብኝ ነው» አለችኝ። እጇን ግን ቀሚሷ ኪስ ውስጥ ከተተችው፤ አየሁ። ከዚያ በኋላ ተይው የኔ ዕዳ አይደለም ብዬ ልተወው እችል ነበር። አልተውሁትም። አዝኜላት ነው እንዳትሉ፤ ልረታት ፈልጌ ነው።

በገበያ ቀን፣ ሱቋ ሰው ሞልቶ ሳለ፣ ሁለት ማሰሮ ተሸክሜ ሄድሁና ባንኮኒው ላይ አስቀመጥሁ። አስቀድሜ ሁለቱንም እኩል ጠንስሻቸዋለሁ፤ አንዱን በቧንቧ ውሃ፣ ሌላውን በሰማያዊው ጠርሙስ።

«ይኸ ደግሞ ምንድን ነው፣ መምህርት?» አለ አንዱ።

«ትምህርት ነው። ጆሯችሁን አስጠጉ።»

አንድ በአንድ ጎንበስ አሉ። «ይኸኛው ይናገራል» አለች አንዲት ሴት። «ያኛው ሞቷል» አለ ባሏ። «ሞቶ ከሆነ ለቅሶ እንቀመጥ» አለ ሌላው፤ ሳቁ። ሙሉነሽ ከባንኮኒው ጀርባ ቆማለች።

«አንቺም ስሚ እንጂ» አልኋት። ካኮረፍኋት ወዲህ በሰው ፊት ያናገርኋት ያኔ ነው።

ጎንበስ ብላ ሁለቱንም ሰማች። የሞተው ላይ ረዘም አድርጋ ቆየች። ቀና ስትል፣ «የዚኸኛውን ጌሾ አሳንሰሽ ነው» አለች። ማሰሮዎቹን ይዤ ወጣሁ። የረታሁ መስሎኝ ነበር፤ ግን እንዳሰብሁት ደስ አላለኝም።

ፋሲካ ካለፈ በኋላ አንድ ጠዋት በሬ ተንኳኳ። ሙሉነሽ ነበረች። ነጠላዋን እስከ ጣቷ ጫፍ ተጠቅልላበታለች። ፊቷ ላይ፣ ከዓይኗ ሥር፣ ዝናብ እንዳዘለ ደመና ያለ ቀለም ገብቷል። እታለም አላለችኝም።

«ያች ሐኪም» አለች፤ «የት ነበር ያልሽኝ?»

ያደረገችኝን ሁሉ ልቆጥርላት አፌ ላይ መጥቶ ነበር። ጋኑን፣ ክርስትናውን፣ እርጎውን። «ሆድሽስ?» አልኋት በምትኩ። ነጠላዋን አጠበቀች። ያን መጠቅለል አውቀዋለሁ። ማንኩሳ መንገድ ዳር እኔም እንደዚያ ነበር የተጠቀለልሁት።

በማግስቱ መናኸሪያ አብረን ሄድን። ይቅርታ አልጠየቀችኝም፤ እኔም አልጠበቅሁም። ቡሬ ላይ ትዕግሥት ልጁን ይዛ ደጅ እንደምትጠብቀን በስልክ ነግራኛለች፤ ለባሕር ዳር መኪና እስክንቀይር ድረስ እታቀፈዋለሁ።

ረዳቱ ሽበቴን አይቶ፣ «እናቴ፣ እርስዎ እዚህ በሩ ጋ ይቀመጡ» አለኝ።

«እሷ ትቀመጥ» አልሁት።

እኔ ወደ ኋላ አልፌ ከመስኮቱ ጥግ ተቀመጥሁ። ከአጠገቤ ሁለት ሰዎች ተጨመሩ፣ ከፊቴ ሌሎች፣ መተላለፊያው ላይ ጆንያ ተደረደረ፤ መውጫ አልነበረኝም። መኪናው ሲነሣ ሙሉነሽ አንገቷን አዙራ በሰው መሀል ፈለገችኝ። መኖሬን አይታ ፊቷን ወደ በሩ መለሰች።